ብሩ ሲቀልጥ መጽሐፉ ይቀራል
የጉዞ ማስታወሻ ከልደታ ማርያም

ወር በገባ በአንደኛው ቀን የልደታ ማርያም ዙሪያ ከንጋት ጀምሮ ነጠላ በለበሰ ሰው ይሞላል። ከቅጥሩ ውጪ ጧፍና ዕጣን የሚሸጡ፣ የጸሎት መጽሐፍና ማዕተብ የዘረጉ በየረድፋቸው ተቀምጠዋል። ከእነርሱ ጎን ሳንቲም ዘርዛሪዎች አሉ። ጨርቅ መሬት ላይ አንጥፈው ሳንቲሙን በየዓይነቱ ይቆልላሉ፤ ምእመኑ የወረቀት ብር ሰጥቶ ሳንቲም ይቀበልና ከበሩ እስከ አስፋልቱ ለተደረደሩት ነዳያን ሁሉ ያዳርሳል። ዘርዛሪዋ ከልውውጡ ጥቂት ታተርፋለች፣ ሰጪው ብዙ እጅ ይደርሳል፣ ተቀባዩም ባዶውን አይቀርም።

ከባሕር ዳር የመጣሁት ልደታ ፍርድ ቤት ለነበረኝ ጉዳይ ነው። ቀጠሮዬ ከሰዓት ስለነበር ጠዋቱን ተሳልሜ በሰፈሩ ስዞር፣ ከአንዲት እናት ቁልል ጫፍ ላይ ለብቻዋ የተቀመጠች አንዲት ሳንቲም ዓይኔን ያዘችው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባት፣ ጠርዟ በአበባ ቅርጽ የተሸረፈ ስሙኒ ነበረች።

«እናቴ፣ ይቺስ?» አልኳቸው።

«እሷ አታልፍም፣ ልጄ። ለሚፈልግ ሰው ናት። ስለ እሷ ማወቅ ከፈለግህ መጽሐፍ የሚሸጠውን ልጅ ጠይቀው፤ እሱ ጋ የሳንቲም መጽሐፍ ይመጣል።»

የሳንቲም መጽሐፍ! የድሮ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው አውቃለሁ። ስለ ሳንቲም የተጻፈ የድሮ መጽሐፍ የሚሰበስብ ሰው መኖሩን ግን ከዚያ ቀን በፊት አስቤው አላውቅም ነበር። የእኚያ እናት ጥቆማ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አንሥቶ ወደ ተግባረ እድ፣ ወደ ሰንጋ ተራ፣ በመጨረሻም እስከ ስድስት ኪሎ ወሰደኝ።

ልጁን ያገኘሁት ወደ ተግባረ እድ በሚያወጣው መንገድ ጠርዝ ላይ ነው። ቀላል ባቡሩ በአጠገቡ ሲያልፍ እሱ መጻሕፍቱን በሸራ ላይ ያስተካክላል። የትምህርት ቤት መማሪያ፣ ልብ ወለድ፣ የሕግ መጽሐፍ፣ በደርግ ዘመን ከሞስኮ የመጣ የፖለቲካ መጽሐፍ ሁሉ ተደርድሯል። ከየት እንደሚያመጣ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሰፈር ሲነሣ መጽሐፍ ይወጣል» አለኝ። ልደታ ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ቀድሞ በስፋት ለመልሶ ማልማት ከፈረሱት አንዱ ነው፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት መሬት ላይ ትናንት የጭቃ ቤቶችና የቆርቆሮ አጥሮች ነበሩ። ቤተሰብ ዕቃውን ሲጭን የአባትየው የመጽሐፍ ሣጥን መጨረሻ ላይ ይቀራል። ከዚያ ቆራሌው ይመጣል፣ መጽሐፉ በኪሎ ይሸጣል፣ ግማሹ የሱቅ መጠቅለያ ይሆናል፣ ዕድለኛው እንዲህ ዓይነት ልጅ እጅ ይገባል።

ከሸራው ሥር ካስቀመጠው ካርቶን ያወጣልኝ ትልቅ ገጽ ያለው፣ ሽፋኑ የደበዘዘ መጽሔት ነበር፤ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ቅጽ 8፣ ቁጥር 4። መጽሔቱን እ.ኤ.አ. በ1956 የመሠረተችው ሲልቪያ ፓንክረስት ናት። እርሷ ካረፈች በኋላ ልጇ ሪቻርድ ሥራውን ቀጠለ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣውን ቁጥር ሪቻርድ ፓንክረስት ለአንድ ጉዳይ አውሎታል፤ ከመካከለኛው ዘመን እስከ 1935 ለነበረው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ገንዘብና ባንክ ታሪክ። እዚያው ቆሜ ገለጥሁት። የአሞሌ ጨው ዋጋ ከጨው ሜዳው እየራቀ ሲሄድ እንዴት እንደሚጨምር፣ ጠገራ ብር በየትኛው ወደብ እንደገባ፣ የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. እንዴት ሥራ እንደጀመረ፣ ሁሉም ከየመንገደኛው ማስታወሻ ተለቅሞ ተደርድሯል። ጠርዙን ብል ነካክቶታል፣ ከላይ የአንድ ሰው ስም በቀለም ተጽፎበታል። ብዙም ሳልከራከር ገዛሁት።

ልጁ የወደድሁትን አይቶ ስልኩን አነሣ። «እንዲህ ዓይነቱን ሲመጣ የምይዝላቸው አንድ አባት አሉ። ሰው ሲጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል።»

ሰውዬው ዕድሜያቸውን በባንክ ሥራ አሳልፈው ጡረታ የወጡ የልደታ ነዋሪ ናቸው። ከኮንዶሚኒየሙ ቤታቸው ገብቼ ስቀመጥ ቡናው ቀርቦ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከቡናው በፊት መደርደሪያቸውን አሳዩኝ። ጠባብ ናት። አንዳንዱ መጽሐፍ በጋዜጣ ወረቀት ተሸፍኗል፣ ከብል ለመከላከል ደግሞ በየመካከሉ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ገብቷል።

«ልጄ፣ ሳንቲም ልሰብስብ ብዬ ነው የጀመርሁት» አሉኝ። «ነገር ግን ሳንቲሙ በእጄ ገብቶ ሊያናግረኝ አልቻለም። መጽሐፉን ሳገኝ ነው አንደበት ያወጣው።»

ቀድመው ያወረዱልኝ ቀጭን የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ነበር። ማርሴል ሞሪስ ፊሼል እ.ኤ.አ. በ1912 ዲዦን ላይ ያሳተመው የማሪያ ቴሬዛ ብር ታሪክ ነው፤ እኛ ጠገራ የምንለው። ንግሥቲቱ በ1780 ሞታ ሳለ ቪየና ያንኑ ዓመት እንደጻፈች ብሩን መምታቷን ቀጠለች። 28 ግራም የሚመዝነው ይህ ብር ከትውልድ አገሩ ይልቅ በቀይ ባሕር ዳርና በኢትዮጵያ ገበያ ተከበረ። ገበሬው ሲቀበል የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች በዓይኑ ይቆጥራል፣ ምስሉ ከተፋፋቀ ይመልሳል። ታላቁ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆን ሜናርድ ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1914 ስለዚህ መጽሐፍ ግምገማ ጽፏል። ስለ ጎጃምና ስለ ሐረር ገበያ ብር የተጻፈ ነገር የኬምብሪጁን ምሁር ጠረጴዛ ማግኘቱ ልቤን ሞላው። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ታሪኩ ወደ መራራ ምዕራፍ ተሻገረ፤ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ልትወር ስትዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 የብሩን መቅረጫ ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ መምታት ጀመረች። ወራሪው እንኳ ያለ ጠገራ እህልና በቅሎ እንደማይገዛ ገብቶት ነበር።

ቀጥለው የዴኒስ ጊልን መጽሐፍ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ይህ ሥራ የኢትዮጵያን፣ የኤርትራንና የኢጣሊያ ሶማሊያን ሳንቲሞች በየዓይነቱ ይዘረዝራል። ከጎኑ አንድ እውነተኛ የምኒልክ ብር አኖሩ። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ በ1885 ዓ.ም. በአዋጅ አስነግረው ፓሪስ ላይ አስመቱት፤ ፊታቸውን የቀረጸው ፈረንሳዊው ዣን ላግራንዥ ነው። በአንዱ ገጽ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሌላው ባንዲራ የያዘ አንበሳ፣ ከዙሪያው «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ»፣ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯።

«አንበሳው የትኛውን እግሩን አንሥቷል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ግራውን ነበር። ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አስተያዩልኝ፤ በኋላ በተመቱት ላይ ቀኙን ያነሣል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ይህን ብር በእጁ አገላብጦታል፣ ለሙሽራ ጌጥ አሠርቶበታል፣ በልጅ አንገት አንጠልጥሎታል፤ እግሩን የቆጠረውና የመዘገበው ግን ሰብሳቢው ነው። ከዚህ ትንሽ ልዩነት የትኛው ብር ቀድሞ፣ የትኛው ዘግይቶ እንደተመታ ይታወቃል።

ያቺ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያየኋት ስሙኒም እዚህ መደርደሪያ ላይ ምስጢሯን ፈታች። በ1936 ዓ.ም. የወጡት ሳንቲሞች ለብዙ ዓመታት ዓመተ ምሕረታቸው ሳይለወጥ መመታታቸውን ቀጥለዋል። መጀመሪያ ስሙኒ ክብ ነበረች። አታላዮች ብርማ ቅብ እየቀቧት እንደ ሽልንግ አሳለፏት፤ ሽልንግ ያን ጊዜ እውነተኛ ብር ነበረበት። ስለዚህ ስሙኒ ጠርዟ ተሸረፈ፣ ሰው በጨለማ እንኳ በጣቱ ዳስሶ እንዲለያት ሆነ። ጠርዟን የቀየረው የገበያ ሌባ መሆኑን ሳውቅ ያች ትንሽ መዳብ በዓይኔ ከበረች።

ከመደርደሪያው የላይኛው ረድፍ ላይ የነበሩት ስለ አክሱም የተጻፉት ናቸው። እዚህ ስንደርስ የሰውዬው ድምፅ ተለወጠ። «ይህኛው ታሪክ ይገርምሃል» ብለው የጀመሩልኝ ስለ ዊልያም ፍራንሲስ ፕሪዶ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ካሰሯቸው እንግሊዞች አንዱ የነበረው ወጣት መኮንን፣ ከሆርሙዝድ ራሳምና ከዶክተር ብላንክ ጋር መቅደላ ላይ በሰንሰለት ከርሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 ነጻ ወጣ። ያንን ሁሉ ያየ ሰው አገሪቱን ይጠላል ብሎ መገመት ቀላል ነው። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1884 በለንደኑ «ኑሚስማቲክ ክሮኒክል» ላይ ስለ አክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች ጥናት አሳተመ። የታሰረባትን አገር የጥንት ነገሥታት ስም ከተበላ መዳብ ላይ እየለቀመ ሲያነብ አሰብኩት። የዕውቀት ፍቅር ከቂም ሲበልጥ እንዲህ በግልጽ ያየሁበት ሌላ ቦታ ትዝ አይለኝም።

ከፕሪዶ ቀደም ብሎ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል እስከ ጎንደር ተጉዞ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1840 ሁለት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ ፍራንክፈርት ላይ አሳትሟል። ከፕሪዶ በኋላ አርቱሮ አንዛኒ በ1926 በኢጣሊያ የሳንቲም ጥናት መጽሔት ላይ ትልቁን የአክሱም ሳንቲም ዝርዝር አወጣ፤ በዓመቱ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የራሱን ጨመረ። ቮልፍጋንግ ሃን በ1983 ቪየና ላይ፣ ስቱዋርት መንሮ ሄይ በ1984 ተከታትለው ዝርዝሩን ሥርዓት አስያዙት። ሰውዬው ዘንድ የመንሮ ሄይ መጽሐፍ አለ። ሽፋኑ ላልቷል፣ ስፌቱን ግን በራሳቸው እጅ መልሰው ሰፍተውታል።

የሥዕል ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጥን። እንዱቢስ፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም በስሙ ወርቅ ያስመታ የመጀመሪያው የአክሱም ንጉሥ። ከራሱ ግራና ቀኝ የእህል ዛላ፣ ከላይ ጨረቃና ክብ። ከዚያ ዒዛና፤ በመጀመሪያ ጨረቃው፣ በኋላ መስቀሉ። የአገር ሃይማኖት መለወጡን ከጥፍር በማትበልጥ ወርቅ ላይ ማየት ይቻላል። በግሪክኛ የተጻፈ ብዙ አለ፣ ወዜባ ደግሞ በግዕዝ አጽፏል። አክሱማውያን የንጉሡን ራስ ዙሪያ በመዳቡና በብሩ ላይ በወርቅ የመለበጥ ጥበብ ነበራቸው፤ በጥንቱ ዓለም ሳንቲም ላይ ብርቅ የሆነ ሥራ ነው። ከዒዛና ዘመን ወዲህ በወጡ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ ለአገሬው ደስታ ይሁን የሚል ምኞት ተጽፎ ይገኛል። ገንዘቡ በተራው ሰው እጅ የሚዞር መሆኑን የሚያውቅ መንግሥት ቃል ነው።

በዚያች ጠባብ ክፍል የተረዳሁት አንድ ነገር ይህ ነው፤ ሳንቲም ይጠፋል። ብር ሲወደድ አንጥረኛው ያቀልጠዋል፤ ስንቱ ጠገራ የአንገት መስቀልና አምባር ሆኗል። ወርቅ ድንበር ይሻገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የመን ውስጥ አል ማዳሪባ ላይ ከተገኘው ድልብ 868ቱ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ። በገደል አናት ላይ ባለው የደብረ ዳሞ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1940 ከመቶ በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ከሰሜን ሕንድና ከመካከለኛው እስያ ነገሥታት የመጡ፣ በትንሽ የወርቅ ሣጥን የተቀመጡ። ይህን የምናውቀው አንቶኒዮ ሞርዲኒ ስለጻፈው ነው። አክሱም ከሕንድ ጋር ትነግድ ነበር የሚለውን ነገር በእጅ የሚዳሰስ ያደረገው ያ ግኝት ነው፤ ባይጻፍ ኖሮ ከገደሉ አናት ላይ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር። የሳንቲም መጽሐፍ ማለት እሳቱ የማይደርስበት ግምጃ ቤት ነው።

ሰውዬው ከሁሉ አብልጠው የሚያደንቁት ቤንት ዩል ዬንሰንን ነው። ዴንማርክ ተወልዶ ኦክስፎርድ ላይ በሕክምና ያገለገለ፣ መጽሐፍና የአክሱም ሳንቲም አብሮ የሰበሰበ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከመንሮ ሄይ ጋር የአክሱምን ሳንቲሞች መጽሐፍ አወጣ። የሰበሰባቸው ሳንቲሞች ወደ አሽሞልያን ሙዚየም ገብተው በ2016 ሃንና ቪንሰንት ዌስት ባዘጋጁት ዝርዝር ታትመዋል። «አየህ፣ ሳንቲሙን ሰበሰበ፣ ሳንቲሙን ለሕዝብ ሰጠ፣ በመጨረሻ መጽሐፍ ሆነ» አሉኝ። ሲናገሩ የገዛ መደርደሪያቸውን ዕጣ እያሰቡ ነበር መሰለኝ።

በማግስቱ በሰንጋ ተራ አለፍሁ። የጥንቱ ሰፈር ቦታ ላይ የባንኮቹ ሕንፃዎች ተደርድረዋል፤ የንግድ ባንኩ ረጅም ሕንፃ ከየአቅጣጫው ይታያል። እዚያው አካባቢ በዘመነ ኃይለ ሥላሴ ስንት የሒሳብና የባንክ ሰው ያፈራው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት አለ። ወደ ብሔራዊ ቲያትር ስወርድ የኢዮቤልዩው የድንጋይ አንበሳ ቆሟል፤ በምኒልክ ብር ላይ ያለውን አንበሳ ካየሁ በኋላ ዓይኔ ሳላውቀው ወደ እግሩ ሄደ። በአንድ ጠዋት የእግር መንገድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ዘርዛሪ እስከ አገሪቱ ትልልቅ ባንኮች መድረስ የሚቻለው ልደታ ላይ ነው። ገንዘቡ እዚህ በሁለቱም መልኩ አለ፤ የጎደለው ታሪኩን የሚነግር መደርደሪያ ነው።

ያ መደርደሪያ ስድስት ኪሎ አለ። የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ያው ሪቻርድ ፓንክረስት ነበር፤ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የማሰባሰብ ሥራ እዚያ ተሠርቷል። ከልደታ መንገድ ጠርዝ በገዛሁት መጽሔት ላይ ያነበብሁትን የጸሐፊውን ስም በዚያ ቤት ታሪክ መጀመሪያ ላይ ሳገኘው ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2017 አርፎ የተቀበረው በዚችው ከተማ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።

ይህን መንገድ ለመጀመር ለሚያስብ አንባቢ ሰውዬው ያስተማሩኝን ላካፍል። መጀመሪያ የሥዕል ገጾቹን ቁጠር፤ አሮጌ የሳንቲም መጽሐፍ ከጽሑፉ ይልቅ ሥዕሉ ተገንጥሎ ይሸጣልና። የቀድሞ ባለቤት ስም ወይም ማኅተም ካለበት አትፋቀው፤ መጽሐፉ በማን እጅ እንዳለፈ የሚመሰክረው እርሱ ነው። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ካየህ ግን በሕጋዊ መንገድ መውጣቱን ሳታጣራ አትግዛ። ከመጽሔት ተነጥሎ ለብቻው የተጠረዘ ቀጭን ጽሑፍ አትናቅ፤ የዚህ ጥናት ዋናው ክፍል የተጻፈው እንደዚያ ነው። እርጥበት ከብል ይከፋል፣ መደርደሪያህን ከግድግዳ አርቀው። ደግሞም ጥንታዊ ሳንቲም ቅርስ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ሳንቲሙ በሙዚየም ይኑር፣ አንተ መጽሐፉን ሰብስብ።

በዚያ መደርደሪያ ላይ ካየኋቸው ውስጥ አማርኛው ጥቂት ነበር። የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» አለ፤ በ1942 ዓ.ም. የታተመው ይህ መድብል የምኒልክን ዘመን ሥርዓትና አዋጅ ከጥፋት ያዳነ ነው። የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አለ፤ ስለ ንግድና ስለ ሀብት በአማርኛ በጥልቀት ማሰብ እንደሚቻል አስቀድሞ ያሳየ። የቀሩት በጀርመንኛ፣ በኢጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ናቸው። የዒዛናን መስቀልና የእንዱቢስን የእህል ዛላ የባሕር ዳር ተማሪ በገዛ ቋንቋው ከነሥዕሉ ሊያነበው ይገባል። ከአክሱም ወርቅ እስከ አሞሌ፣ ከጠገራ እስከ ስሙኒ የሚተርክ ሙሉ የአማርኛ የሳንቲም መጽሐፍ ማዘጋጀት ከሰንጋ ተራ ባንኮች አቅም በላይ አይደለም፤ የገንዘባችን ታሪክ ከእነርሱ ይበልጥ የሚቀርበው ማን አለ?

እስከዚያው ድረስ ሥራው የእያንዳንዳችን ነው። የአባቶቻችሁን ቤት ስታጸዱ፣ ሰፈር ለመልቀቅ ዕቃ ስትጭኑ፣ የመጽሐፉን ሣጥን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ሽፋኑን አንድ በአንድ ግለጡ። የሳንቲም ሥዕል ካያችሁ፣ በማታውቁት ቋንቋ ቢሆንም እንኳ፣ ለሚያነብ ሰው ወይም ለቤተ መጻሕፍት አድርሱት። ልደታ ላይ በኪሎ ሊሸጥ የነበረው ወረቀት ለእኔ የሁለት ሺህ ዓመት አገር ከፍቶልኛል።